ዕጣው ከመውጣቱ በፊት፦ ሕግ አውጪን በዕጣ ስለ መምረጥና ስለ ብሎክቼይን

ሕግ የሚያወጡ ሰዎች በምርጫ ሳይሆን በዕጣ ቢለዩስ የሚለው ሐሳብ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ከፍልስፍና መጻሕፍት ወጥቶ የአየርላንድን ሕገ መንግሥት እስከ ማስለወጥ ደርሷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ተጎዳኝቶታል፤ ዕጣው ብሎክቼይን በሚባለው የመዝገብ ቴክኖሎጂ ቢወጣ ማንም ሊያጭበረብረው አይችልም የሚል። ሁለቱ አብረው ሲቀርቡ አንድ መፍትሔ ይመስላሉ። ጠጋ ብለው ሲያዩአቸው ግን የሚመልሱት ጥያቄ ለየቅል ነው። ዕጣ «ሕዝቡን የሚመስለው ማን ነው?» ለሚለው የፖለቲካ ጥያቄ የቀረበ መልስ ነው። ብሎክቼይን ደግሞ «ዕጣ አውጪውን ሳናምን ውጤቱን እንዴት እንመን?» ለሚለው የቁጥጥር ጥያቄ።

ከሁለቱም የሚቀድም ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ ብዙ ጸሐፊዎች ገረፍ አድርገው ያልፉታል። ዕጣው የሚወጣበትን የስም ዝርዝር የሚያዘጋጀው ማን ነው? በኢትዮጵያ፣ በተለይም በአማራ ክልል በአዊ እንዳለችው ግምጃ ቤት ባለ የወረዳ ከተማ፣ ጉዳዩ የሚወሰነው እዚህ ላይ ይመስላል።

ዕጣ ለድርሻ፣ ሹመት ለታወቀ ሰው

ዕጣ ለእኛ አገር ሰው ባዕድ አይደለም። በጎጃም የርስት ሥርዓት መሬት የሚከፋፈለው ከአቅኚው አባት በሚቆጠር የትውልድ ሐረግ ነበር፤ ድርሻው ከተለካ በኋላ የትኛው እርሻ ለማን ይድረስ በሚለው ላይ ዕጣ መጣል የቆየ ልማድ ነበር። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን ሥርዓቱን በደጋ ዳሞት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ሙግት ግን ሌላ ነው፤ ማን የአቅኚው ተወላጅ ነው፣ ሐረጉንስ ማን ይቆጥርለታል የሚል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ከታወጀ በኋላም የገበሬ ማኅበራት ማሳ ሲያከፋፍሉ ለም የሆነውንና ጭንጫውን በዕጣ መለየት የተለመደ ነበር። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም በዕጣ ሲተላለፍ ቆይቷል። የምርጫ ቦርድ ራሱ የፓርቲዎችን የአየር ሰዓት ተራና የዕጩዎችን ቅደም ተከተል በዕጣ ይለያል።

እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ዕጣው የሚያከፋፍለው ድርሻን ወይም ተራን እንጂ ሥልጣንን አለመሆኑ ነው። ዕቁብን ያየ ልዩነቱን ወዲያው ይረዳዋል። ገንዘቡ በየዙሩ በዕጣ ይወጣል፤ የዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊ ግን በዕጣ አይሾሙም። ታውቀው፣ ታምነው፣ ብዙ ጊዜም ተለምነው ነው። በአዊም የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ከፈረስ ጉግሱ ባሻገር በማስታረቅ ይታወቃል፤ አስታራቂው የሚሰማው ዕድሜውና ስሙ ስለሚከበር ነው። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይዞራል፤ ይህም ቢሆን ከዕጣ ይልቅ የተራ፣ የዕድሜ እርከንና የምርጫ ቅንብር ነው።

በሃይማኖቱ በኩል ተቃራኒ ምሳሌ አለ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 በይሁዳ ምትክ ማትያስ የገባው በዕጣ ነው። የግብፅ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ይህን ትከተላለች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓይኑ የተሸፈነ ሕፃን ከሦስት ስሞች አንዱን አንሥቶ ዳግማዊ ታዋድሮስ ፓትርያርክ ሆነዋል። እኛ ዘንድ በ2005 ዓ.ም. ስድስተኛው ፓትርያርክ የተሰየሙት በድምፅ ሲሆን ከ806 መራጮች 500ው መርጠዋቸዋል። የእርሳቸውም ስም ማትያስ መሆኑ ሳያስፈግግ አይቀርም።

ብዙ አገሮች ዕጣን ከሥልጣን ጋር ያስተዋወቃቸው ዳኞችን ከተራ ዜጎች በዕጣ የሚመርጠው የፍርድ ቤት ሥርዓት ነው። ኢትዮጵያ ግን ይህን ሥርዓት በዘመናዊ ሕጎቿ አላስገባችም። ስለዚህ በዕጣ የተጠራ ገበሬ ተቀምጦ አስሮ የሚፈታበት ልምድ የለንም። የዕጣ ምክር ቤት ደጋፊዎች «ባህላችን ውስጥ አለ» ሲሉ ግማሹን ብቻ ነው የሚናገሩት፤ ያለን ባህል የዕጣ ድርሻ እንጂ የዕጣ ሹመት አይደለም።

ከአቴና እስከ ደብሊን

የዕጣ ሹመት ታሪክ የሚጀምረው ከአቴና ነው። የከተማይቱ ምክር ቤት 500 አባላት ሲኖሩት ከዐሥሩ ነገዶች ከእያንዳንዳቸው ሃምሳ ሃምሳ ሰው በዕጣ ለአንድ ዓመት ይገባ ነበር፤ በዕድሜው ከሁለት ጊዜ በላይ የሚያገለግል አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ403 ዓመት ወዲህ ደግሞ ሕግን የማጽደቁ ሥራ ኖሞቴታይ ለተባሉ፣ መሐላ ከፈጸሙ ዜጎች መካከል ለተጠሩ ሰዎች ተሰጠ። ለዛሬው ክርክር ቅርብ የሆነው ይህ ነው። የጦር አዛዦች ግን በድምፅ ይመረጡ ነበር፤ አቴናውያን ሙያ የሚፈልገውን ሹመትና ማንም ሊሠራው ይገባል ያሉትን ለይተው ያውቁ ነበር። አሪስጣጣሊስ ዕጣን የሕዝብ አገዛዝ፣ ምርጫን የጥቂቶች አገዛዝ ምልክት አድርጎ መጥቀሱ ከዚህ የመጣ ነው። ሴቶች፣ ባሮችና መጤዎች ግን ከመጀመሪያውም ዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም።

ቬኒስ መስፍኗን ከ1268 እስከ 1797 እ.ኤ.አ. ዕጣና ምርጫ እየተፈራረቁ በሚያጣሩት ረጅም ሥርዓት ስትሰይም ኖራለች፤ የዕጣው ዓላማ ባለጸጋ ቤተሰቦች አስቀድመው እንዳይመካከሩ ማድረግ ነበር። ከአሜሪካና ከፈረንሳይ አብዮቶች በኋላ ዕጣ ከፖለቲካ የጠፋበትን ምክንያት ፈረንሳዊው በርናር ማኔን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት ሲያስረዳ፣ አዲሶቹ መንግሥታት ሥልጣን ከተገዢው ፈቃድ መመንጨት አለበት ብለው ስለተነሡ ነው ይላል። ድምፅ የሰጠ ሰው ፈቅዷል ማለት ይቻላል፤ ዕጣ ውስጥ ስሙ ስለገባ ብቻ ፈቅዷል ማለት ግን ያስቸግራል።

አዲሱ ማዕበል የመጣው በዚህ ክፍለ ዘመን ነው። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2004 በዕጣ 160 ዜጎችን ጠርቶ የምርጫ ሕግ እንዲያረቁ አደረገ። ረቂቁ በ2005 ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ 57.7 በመቶ ቢያገኝም የተቀመጠው መስፈርት 60 በመቶ ስለነበር ወደቀ። አየርላንድ ከ2012 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. 66 በዕጣ የተጠሩ ዜጎችና 33 ፖለቲከኞች ከሰብሳቢ ጋር የተቀመጡበትን ጉባኤ አካሄደች። ከ2016 እስከ 2018 ደግሞ 99 ዜጎችና ሰብሳቢ ብቻ ያሉበትን ሁለተኛ ጉባኤ ጠራች። በሁለተኛው ጉባኤ 64 በመቶው ፅንስ ማቋረጥ ያለ ምክንያት ገደብ እንዲፈቀድ መከሩ፤ በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ሕዝቡ 66.4 በመቶ ለውጡን ደገፈ። በጉዳዩ ላይ የሚኖረን አቋም ምንም ይሁን ምን፣ ጉባኤውና ሕዝቡ ይህን ያህል መቀራረባቸው የዕጣ ደጋፊዎች ትልቁ ማስረጃ ነው። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ግን ከሌላ የዜጎች ጉባኤ ተነሥተው፣ አገላለጻቸው በፖለቲከኞች ተለውጦ የቀረቡ ሁለት ማሻሻያዎች በሕዝበ ውሳኔ ወደቁ። ጉባኤው ተሳሳተ ወይስ የተለወጠው አገላለጽ ጣለው የሚለው አሁንም ያከራክራል።

የፈረንሳይ የአየር ንብረት ጉባኤ 150 ዜጎችን ይዞ 149 ሐሳቦች አቀረበ። ፕሬዚዳንቱ ያለ ማጣሪያ አቀርባቸዋለሁ ብለው የነበረ ቢሆንም ብዙዎቹ ተሸርሽረው ነው ሕግ የሆኑት። የምሥራቅ ቤልጅየም ጀርመንኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ 24 አባላት ያሉት ቋሚ የዜጎች ምክር ቤት አለው። ሞንጎሊያ ሕገ መንግሥት ከመሻሻሉ በፊት በዕጣ የተመረጡ ዜጎች እንዲመክሩ የሚያዝ ሕግ አውጥታ በ2017 እ.ኤ.አ. 669 ሰዎችን ዋና ከተማዋ ውስጥ አሰባስባለች።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የዩጋንዳው ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በቡዱዳና በቡታሌጃ አውራጃዎች በዕጣ የተለዩ የገጠር ነዋሪዎች ስለ መሬት መንሸራተት፣ ስለ ጎርፍና ስለ ሰፈራ መክረዋል። ማንበብ ለማይችሉት መነሻ ጽሑፉ በቪዲዮ ቀረበላቸው። «ያልተማረ ገበሬ ሕግ ምን ያውቃል?» ለሚለው ተቃውሞ ከሁሉ የተሻለው መልስ ከዚህ ይገኛል።

የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ ከ1986 እስከ 2019 የተካሄዱ 289 እንዲህ ያሉ ምክክሮችን ቆጥሯል። ከላይ በተጠቀሱት የዘመናችን ጉባኤዎች ሁሉ ግን የመጨረሻው ቃል የፓርላማ ወይም የሕዝበ ውሳኔ ነው። ስለ አማካሪ ጉባኤ ያለን ማስረጃ ስለ ሕግ አውጪ ጉባኤ ማስረጃ ተደርጎ ሲጠቀስ ማየት የተለመደ ሆኗል። ይህ ግን ክፍተቱን መዝለል ነው።

ማን ምን ይላል

ከደጋፊዎቹ በኩል ለዘብ የሚሉት ዕጣ ፓርላማን እንዲያማክር ብቻ ይፈልጋሉ። ሁለተኞቹ፣ ከ1985ቱ የኧርነስት ካለንባክና የማይክል ፊሊፕስ መጽሐፍ ጀምሮ እስከ ጆን ጋስቲልና ኤሪክ ኦሊን ራይት ድረስ፣ ከሁለቱ ምክር ቤቶች አንዱ በዕጣ እንዲሞላ ይሟገታሉ። አሜሪካዊው ቴሪል ቡሪሺየስ እ.ኤ.አ. በ2013 ያቀረበው ዕቅድ ከሁሉ ይረቅቃል፤ አጀንዳ የሚቀርጸው፣ ረቂቅ የሚያዘጋጀው፣ የሚመረምረውና ድምፅ የሚሰጠው ለየብቻ በዕጣ የተጠራ ቡድን ይሁን ይላል። ምክንያቱም ያረቀቀ ሰው ረቂቁን መውደዱ አይቀርም። ሔለን ላንደሞርና አሌክሳንደር ጌሬሮ ደግሞ ምርጫ የሥርዓቱ ማዕከል መሆኑ ራሱ ይቅር እስከ ማለት ይደርሳሉ።

ከተቃዋሚዎች ክሪስቲና ላፎንት እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመችው መጽሐፍ ጠንካራው ይመስለኛል። መቶ ሰዎች ተምረው፣ መክረው ሐሳባቸውን ቢለውጡ ያልተማከረው ሚሊዮን ሕዝብ ለምን በጭፍን ይከተላቸዋል ትላለች። በዕጣ የተጠሩት ሕዝቡን የሚመስሉት ምክክሩ እስኪጀመር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመስሉት በቂ መረጃ ያገኘ ሌላ ሕዝብን ነው። ሌላው ተቃውሞ የተጠያቂነት ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል፤ በዕጣ የገባን ሰው ግን የሚያነሣው ማን ነው? ደጋፊዎች ሲመልሱ ዳግም መመረጥ የማይፈልግ ሰው የፓርቲ አለቃም የገንዘብ ሰጪም ባለ ዕዳ አይሆንም ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን በዚያው ልክ አማካሪ ሆኖ ለሚመጣው ባለሙያና ጽሕፈት ቤቱን ለያዘው ሠራተኛ የተጋለጠ ይሆናል። የትኛው ተጽዕኖ እንደሚከፋ የሚለይ የረጅም ጊዜ ማስረጃ የለም።

በኢትዮጵያ ሁኔታ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በ2007ቱ ምርጫ 547ቱንም መቀመጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ወሰዱ፤ በሰኔ 2013 ምርጫ ውጤታቸው ከተገለጸ 436 መቀመጫዎች 410ሩ የአንድ ፓርቲ ሆኑ። አብላጫ ያገኘ ሁሉን ይወስዳል የሚለው የምርጫ ሥርዓት ለዚህ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ ወደ ዕጣ መዝለል አያስፈልግም፤ መቀመጫን በድምፅ ብዛት መጠን የሚያከፋፍለው የተመጣጠነ ውክልናም ያው ችግር ላይ ያነጣጠረ፣ በብዙ አገር የተፈተነ መድኃኒት ነው።

አንቀጽ 8 እና አንቀጽ 9

በሕግ ጥያቄው ላይ የሚገባውን ያህል ውይይት አልተደረገም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 8 ንዑስ አንቀጽ 3 የሕዝብ ሉዓላዊነት በሁለት መንገድ ይገለጣል ይላል፤ በመረጧቸው ተወካዮችና በቀጥታ በሚያደርጉት ዴሞክራሲያዊ ተሳትፎ። በዕጣ የተጠራ ሰው ከሁለቱ የየትኛው ነው? አልተመረጠም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው አይደለም። ሌሎችን ወክሎ ስለሚቀመጥ ደግሞ «በቀጥታ» ለማለት ያስቸግራል። አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 3 በሕገ መንግሥቱ ከተደነገገው ውጪ በማናቸውም አኳኋን የመንግሥት ሥልጣን መያዝን ይከለክላል። ስለዚህ ሕግ የማጽደቅ ሥልጣን ያለው የዕጣ ምክር ቤት ማሻሻያ ሳይደረግ አይቻልም፤ ማሻሻያው ደግሞ በአንቀጽ 105 የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ይሁንታ ይጠይቃል። አማካሪ ጉባኤ ግን የሚከለክለው አንቀጽ አይታይም።

የሚያስገርመው በር የሚከፍተው አንቀጽ ከታች መገኘቱ ነው። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ለታችኛው የአስተዳደር እርከን ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ የሚያስችል በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። እንግዲህ ሙከራ ካለ ቦታው አራት ኪሎ ሳይሆን የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ግምጃ ቤትን የመሰለ ከተማ ነው። አዊ በክልሉ ሕገ መንግሥት የራሱ ምክር ቤት ያለው ብሔረሰብ አስተዳደር መሆኑም ለሙከራ የተመቸ ያደርገዋል። የጋራ ግጦሽ ወደ ደን ይለወጥ ወይስ አይለወጥ፣ ለከሰል የሚተከለው የደከረንስ ዛፍ ማሳውን ምን ያህል ይሻማ የመሳሰሉ ጉዳዮች ተራው ሰው ከባለሙያ እኩል የሚናገርባቸው ናቸው።

ዝርዝሩ የማን ነው

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከ25 ሺህ በላይ ኮንዶሚኒየም ቤቶች በሶፍትዌር ዕጣ ወጣባቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ዕጣው ተሰረዘ። ከተማ አስተዳደሩ እንዳስታወቀው የቤት ፈላጊዎቹን ቁጠባ የያዘው ባንክ ከላከው የቆጣቢዎች ዝርዝር ውጪ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ስም ወደ ሥርዓቱ ገብቷል። የቴክኖሎጂ ቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ተጠርጥረው ታሰሩ፤ ዕጣው በ2015 ዓ.ም. ተደገመ። ለዚህ ዳሰሳ የሚጠቅመው የተጠርጣሪዎቹ ጉዳይ ሳይሆን ብልሽቱ የተገኘበት ቦታ ነው። በይፋ በተነገረው መሠረት ችግሩ ከዕጣው በፊት በገባው ዝርዝር ላይ ነበር። የዕጣው ስሌት ያለ እንከን ቢሠራ እንኳ ውጤቱ ያው በሆነ ነበር።

ከዚያም በፊት ይህ ታይቷል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ድልድል «ቢሮክራት» ተብለው የተፈረጁ ገበሬዎች ከአራት ጥማድ ወይም ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ። ማን ቢሮክራት ነው የሚለው በኮሚቴ ተወሰነ። ፍረጃው ካለቀ በኋላ ማሳ በዕጣ ቢለይም የዚያ ሰው ዕድል አስቀድሞ ተወስኗል።

በዕጣ ምክር ቤት ዝርዝሩ በሦስት ቦታ ይበላሻል። መጀመሪያ ስሙ የሌለ ሰው አይጠራም። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999ኙ ነው፤ ቀጣዩ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። የፋይዳ መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቶ ምዝገባው ቀጥሏል፤ ሙሉ እስኪሆን ድረስ ግን ከተሜውንና የባንክ ደንበኛውን አብዝቶ መያዙ አይቀርም። ቀጥሎ የተጠራ ሁሉ አይመጣም። በአውሮፓ ለዜጎች ጉባኤ ከሚጋበዙት ብዙ ጊዜ ከመቶ ዐሥር እንኳ አይቀበሉም፤ የሚቀበሉት ደግሞ ይበልጥ የተማሩና ለፖለቲካ ቅርብ የሆኑ ናቸው። ይህን ለማካካስ የተነደፈ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት የታተመ ስልት አለ፤ ኮታው እንዲሟላ እያደረገ የፈቃደኞቹን የመመረጥ ዕድል በተቻለ መጠን ያቀራርባል። ፈቃደኛ ያልሆነውን ግን ሊያመጣው አይችልም። ለሰኔ እርሻ የሚጣደፍን ገበሬ ወይም ልጅ ያዘለችን እናት ለሳምንታት ለማስቀመጥ አበል፣ ማደሪያና የሚሠራላቸው ሰው ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ኮታ ራሱ ነው። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ከመቶ አንድ ያህል የሆነ ብሔረሰብ መቶ ሰው በንጹሕ ዕጣ ቢጠራ አንድም ሰው ላያገኝ የሚችልበት ዕድል 37 በመቶ ገደማ ነው። የአዊ ሕዝብ ከመቶ አንድ አይሞላም። ከሺህ አንድ የሆነ ሕዝብ ደግሞ 547 መቀመጫ ሁሉ በዕጣ ቢሞላ እንኳ ከግማሽ በላይ በሆነ ዕድል ወንበር አያገኝም። ሕገ መንግሥቱ ለአነስተኛ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ የሚያስቀምጠው ይህ እንዳይሆን ነው። ስለዚህ ንጹሕ ዕጣ እዚህ አገር አይሠራም፤ ኮታ ይኖረዋል። ኮታ ካለ ደግሞ ማን በየትኛው ማንነት ይመዝገብ የሚለው የቆየ ጠብ በዕጣው በር ተመልሶ ይገባል።

የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 ሲቋቋም የመረጠው ሌላ መንገድ ነው። በየወረዳው ገበሬው፣ ሴቱ፣ ወጣቱ፣ መምህሩ፣ አካል ጉዳተኛው በየክፍሉ ተሰብስቦ ወኪሉን ይመርጥ ነበር፤ የአማራ ክልል ተወካዮችም በ2017 ዓ.ም. በባሕር ዳር አጀንዳቸውን አቅርበዋል። እንዲህ ሲሆን ሰው የሚያውቀውን ሰው ይልካል። መድረኩን የጠራው የወረዳው መዋቅር ከሆነ ግን ያው መዋቅር የሚያውቃቸው ሰዎች የመብዛታቸው ዕድል ሰፊ ነው። ኮሚሽኑ ላይ ከቀረቡት ትችቶች አንዱ ይኸው ነበር፤ ዕጣ ቢገባበት ኖሮ ይህን ትችት በከፊል ያስታግሰው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለዝርዝር ችግር በክልሉ የታወቀ መልስ አለ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ሲመዘገብ የባለይዞታዎች ዝርዝር ለሕዝብ ተነቦ ጎረቤት ቅሬታ እንዲያቀርብበት ይደረግ ነበር። ወሰኑን የሚያውቀው ጎረቤት ነው፤ የሞተውንና የሌለውን ሰው ስምም የሚለየው እርሱ ነው።

ብሎክቼይን የሚጨምረውና የማይጨምረው

ብሎክቼይንን ለመረዳት የዕቁብ መዝገብ ግልባጭ በእያንዳንዱ አባል እጅ እንዳለ፣ ጸሐፊውም አንዱን ገጽ ቢሰርዝ የሌሎቹ ግልባጭ እንደሚያጋልጠው ማሰብ ይበቃል። በ2008 እ.ኤ.አ. ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም ከወጣው የቢትኮይን ጽሑፍ ወዲህ ሐሳቡ ከገንዘብ ወደ ሌላ ነገር ሁሉ ተዛምቷል። እኛ አገር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ካርዳኖ የተባለው ብሎክቼይን ገንቢ ድርጅትና ትምህርት ሚኒስቴር 3,500 ትምህርት ቤቶች፣ አምስት ሚሊዮን ተማሪዎችና 750 ሺህ መምህራን በብሎክቼይን መታወቂያ እንደሚመዘገቡ አስታውቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቴክኖሎጂው በኢትዮጵያ በስፋት ሲሠራ የታየው ግን በርካሽ ኤሌክትሪክ ቢትኮይን በሚያመርቱት መጋዘኖች ነው።

በክርክሩ ውስጥ የሚደበላለቁ ሦስት አገልግሎቶች አሉ፤ ድምፅ መስጠት፣ ዕጣ ማውጣትና መዝገብ መያዝ። በድምፅ መስጠት ላይ ያለው ማስረጃ መጥፎ ነው። በዌስት ቨርጂኒያ በ2018 እ.ኤ.አ. የተሞከረው ቮትስ የተባለ መተግበሪያ ከባድ ጉድለት እንዳለበት የኤምአይቲ ተመራማሪዎች በ2020 አሳዩ። በ2019 ለሞስኮ ምርጫ የተዘጋጀውን ሥርዓት ምስጠራ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ከምርጫው በፊት ሰበረው። በሴራሊዮን የ2018 ምርጫ በዓለም የመጀመሪያው የብሎክቼይን ምርጫ ተብሎ ሲወራ የአገሪቱ ምርጫ ኮሚሽን አልተጠቀምኩም ብሎ አስተባበለ። እንዲህ ያለው ድምፅ አሰጣጥ የሚደክምበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ መራጩ የሚነካው ስልክ ከተበከለ የማይሰረዘው መዝገብ የሚመዘግበው የተሳሳተውን ድምፅ ነው።

ዕጣ ማውጣት ላይ ክርክሩ ይጠነክራል። በእጅ የሚወጣ ዕጣ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለቬትናም ጦርነት ወጣቶችን የመለመለችበት የ366 ቀናት ዕጣ በደንብ ስላልተደባለቀ በዓመቱ መጨረሻ ወራት የተወለዱት አብዝተው እንደተጠሩ የስታቲስቲክስ ሰዎች አሳይተዋል። ኮምፒውተር በስውር የሚያወጣው ዕጣ ደግሞ ከናካቴው አይታይም። ብሎክቼይን የሚሰጠው ማንም ቆየት ብሎ ሊያረጋግጠው የሚችል ዕጣ ነው። አልጎራንድ የተባለው ብሎክቼይን፣ በሲልቪዮ ሚካሊ የተነደፈው፣ የራሱን መዝገብ የሚያጸድቁትን የሚጠራው በዕጣ ነው፤ አቴና በሒሳብ ተመልሳ መጣች ማለት ይቻላል። ልዩነቱ እዚያ የዕጣው ዕድል የሚለካው በሰው ቁጥር ሳይሆን በያዙት ገንዘብ መጠን መሆኑ ነው። ይህን ለፓርላማ ማቅረብ አይቻልም።

ደግሞም ሊረጋገጥ የሚችል ዕጣ ያለ ብሎክቼይን ይወጣል። የኢንተርኔት ደረጃዎችን የሚያወጣው ቡድን ኮሚቴውን የሚሰይምበት እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አሠራር አለ። የስም ዝርዝሩ አስቀድሞ ይታተማል፤ ወደፊት የሚወጣ የሎተሪ ቁጥር የመሰለ ማንም ሊቆጣጠረው የማይችል የአደባባይ ቁጥር እንደ ዘር ይወሰዳል፤ ከዚያ ቀመሩን የያዘ ሁሉ ውጤቱን ራሱ ያሰላል። በእኛ ሁኔታ ዝርዝሩን በቀበሌ ሰሌዳ ለጥፎ፣ የዝርዝሩን የሒሳብ አሻራ (አንድ ስም ቢነካ የሚለወጥ ቁጥር) በአዲስ ዘመን ጋዜጣ አትሞ፣ ቀጥሎ የሚወጣውን የብሔራዊ ሎተሪ ቁጥር መጠበቅ ይበቃል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ለሚያስታውስ፣ በወረቀት የሚሠራ መንገድ መኖሩ ትንሽ ነገር አይደለም።

መዝገብ መያዝ ላይ ብዙ አልተጻፈም፤ እኔ ግን ቴክኖሎጂው በእውነት የሚጠቅመው እዚህ ይመስለኛል። ረቂቅ አዋጅ ለቋሚ ኮሚቴ ከተመራበት ቀን ጀምሮ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪወጣ የትኛው አንቀጽ መቼና በማን እንደተለወጠ ለተራው አንባቢ አይታይም። የቀንና የሰዓት ማህተም ያለበት፣ የማይሰረዝ የረቂቅ ታሪክ ይህን ያወጣዋል። ለዚህ ዕጣም አዲስ ምክር ቤትም አያስፈልግም።

ያልተቋጩት

የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በመላ አገሪቱ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው፤ በ2010 የሚደረገው ተራዝሞ ቀርቷል። የሥራ ዘመኑ ያለፈ ምክር ቤት ባለበት ወረዳ የዕጣ ጉባኤ ቢጠራ ምርጫን ለሌላ ዐሥር ዓመት ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም ወይ? ደጋፊዎች ይህን ጥያቄ በቅጡ አልመለሱም። በእኔ ግምት የዕጣ ጉባኤ የተመረጠ ምክር ቤት አጠገብ መቆም አለበት፤ በባዶ ወንበር ምትክ ከተቀመጠ ለጠሪው አስፈጻሚ አጃቢ ይሆናል።

የቋንቋም ነገር አለ። በአዊ የሚጠራ ጉባኤ በአውኝኛም በአማርኛም መምከር ይኖርበታል፤ የአየርላንድና የፈረንሳይ ጉባኤዎች በየአንድ ቋንቋ ስለመከሩ ትርጉም ምክክሩን ምን ያህል እንደሚያዘገየውና ማንን ዝም እንደሚያሰኝ ከእነርሱ መማር አይቻልም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የስም ጉዳይ ነው። ዝርዝሩ እንዲታመን ለጎረቤት መለጠፍ አለበት ብለናል። በትጥቅ ግጭት ውስጥ ባለ አካባቢ ግን የመንግሥት ጉባኤ አባል ተብሎ በስም መታወቅ ከአንዱ ወይም ከሌላው ወገን አደጋ ያመጣል። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሰው መረጃው እንዲሰረዝለት መጠየቅ እንዲችል ያደርጋል፤ ብሎክቼይን ደግሞ የሚመሰገነው ባለመሰረዙ ነው። የምስጠራ ሊቃውንት መውጫ አለን ይላሉ፤ ስሙን ሳይገልጹ «ይህ ሰው በእውነት ከዝርዝሩ በዕጣ የወጣ ነው» ብሎ ማረጋገጥ በሒሳብ ይቻላል። ይቻላል፤ ግን ማስረጃውን አንብቦ የሚያምነው የግምጃ ቤት ጎረቤት ሳይሆን ጥቂት ባለሙያ ይሆናል። ጎረቤት የሚያውቀው ስም ሲያይ ብቻ ነው የሚቃወመው።